ስብሰባ ላይ ዝም ይላሉ፣ ሻይ ላይ ያወራሉ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሰንጋተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ባለፈው ጥቅምት የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከሥሬ ሰባት ሰዎች አሉ። እስከ ትናንት ምሳ ዕቃችንን ከፍተን አብረን የምንበላ ሰዎች ነን። አንደኛው ሥራውን ያስለመዱኝ፣ ዛሬም ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

ኃላፊነቱን ስይዝ ሰው የሚደመጥበት ክፍል እንዲኖረን ፈልጌ ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አጭር ስብሰባ ጀመርኩ። «ሐሳብ ያለው?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ይናገሩ ነበር። አሁን ሁሉም ስልኩን ያያል። ስብሰባው አልቆ ሻይ ሲወርዱ ግን ወሬው ይደራል። እኔ ስደርስ ጸጥ ይላል።

ምክንያቱን የማውቀው ይመስለኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ወጣት ባልደረባችን እናቱን ደሴ ሄዶ ቀበረ። ሲመለስ ቤቱ ሄደን ለቅሶ ደረስን። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። በሳምንቱ የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን መግለጫ ከእኛ መዝገብ ጋር ማመሳከር) ሲሠራ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቦ ተገኘ። የበላይ ኃላፊያችን ክፍላችን ድረስ መጡና ሁላችንም ባለንበት «ሥራ ከከበደህ ቤትህ ቁጭ በል፤ እዚህ ሐዘን ቤት አይደለም» አሉት። ልጁ «እሺ» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሱ «እሺ» ብቻ ነው።

ሌላዋ ባልደረባችን ካዛንቺስ ስትኖር በእግሯ ነበር የምትመጣው። የልማት ተነሺ ሆና ገላን ጉራ ከገባች ወዲህ ታረፍዳለች። በአሻራው ማሽን እየታየ ደመወዟ ይቆረጣል። ጋሼ ደግሞ ሥራ ሲያዘገዩ መናገር ያሳፍረኛል። እሳቸው ያልጨረሱትን እኔ አምሽቼ እሠራዋለሁ። አለቃዬ ማታ በ4 ሰዓት የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ትእዛዝ ይጽፋሉ። እኔንም «በጣም ለስላሳ ነሽ፤ ሠራተኛ ካቀረብሽው ራስሽ ላይ ይወጣል» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጋሼን «ለምንድን ነው ማንም የማይናገረው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ የተናገርነው የት እንደሚደርስ አናውቅማ» አሉኝ። ሰኔ እየመጣ ነው፤ ሒሳብ ልንዘጋ ነው። ሁለት ሰዎች ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ጨጓራዬ ተነስቷል። ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው? ብጠይቀው አይንቀኝም? ሰውን እያከበርኩ ሥራ ማሠራትስ እችላለሁ?

ጭንቀት የበዛባት፣ ከሰንጋተራ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እኔን ግን ያቆመኝ «አንድ ቃል አልተነፈስኩም» ያልሽው ነው። ከእሱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የሚቀጥል ይመስለኛል።

ያን ዕለት ምን ነበር የያዘሽ? ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ደንግጠሽ ሊሆን ይችላል። ሹመቱ ገና ሰባት ወሩ ነው፣ አለቃሽን ትፈሪያለሽ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ከደመወዝሽ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ይኖሩሻል። ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዝም ማለት ደግሞ አብዛኞቻችን ያደግንበት ነው። ይሄ ሁሉ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ክፉ ሰው አያሰኝሽም። ልጁ ግን ምክንያትሽን አያውቅም። ያየው ዝም ማለትሽን ነው። ሌሎቹ ስድስቱም ያዩት እሱኑ ነው። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ዝም የሚሉት ሐሳብ አጥተው አይመስለኝም። ነገ እኔስ ብሰደብ ማን አለኝ ብለው ነው።

ይቅርታ መጠየቅሽን አትፍሪው። ይንቀኛል ብለሽ ትጨነቂያለሽ። የበታቹን ይቅርታ የጠየቀ ኃላፊ ሲናቅ ብዙም አላየሁም። ሰው የሚንቀው ጥፋቱን እያወቀ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚያልፈውን ነው።

አነጋገሩ ግን ይታሰብበት። «ቢሮ ና» አትበይው። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮ መጠራት ለእሱ ሌላ ቁጣ ነው። ከሥራ ስትወጡ ወደ ሜክሲኮ አብራችሁ የምትሄዱበት መንገድ ካለ እሱ ይሻላል። ወይም ማኪያቶ ጋብዢውና ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከዚያ በአጭሩ ንገሪው። «ያን ዕለት አንተ ላይ ሲጮህ አጠገብህ ነበርኩ። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ይቅርታ አድርግልኝ» ብትይው ይበቃል። «ግን አለቃችንም ጫና አለባቸው» የምትለውን ነገር አትጨምሪባት። እሷ ከተጨመረች ይቅርታው የእሳቸው ጥብቅና ይሆናል። አለቃሽን ማማትም እንደዚያው አይጠቅምም፤ ልጁን የአንቺ ወገን ለማድረግ የምትሞክሪ ያስመስልብሻል። «ምንም አይደለም» ቢልሽ አትከራከሪው። ምናልባት የዚያን ዕለት ከዚያ በላይ አይወጣውም። ተናግረሻል፣ ሰምቷል። ቀሪውን የሚያየው በምታደርጊው ነው።

ስለ ሐዘኑ ትንሽ ልቆይ፤ ይሄ ነገር ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማየውና የሚያሳዝነኝ ነው። እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ሰው ሲሞትበት መኪና ተከራይተን፣ ብር አዋጥተን እንሄዳለን። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን «እግዜር ያጽናህ» እንላለን። ያ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው ሥራ በገባ ማግስት ግን ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ወረቀት እናሳየዋለን። ሐዘኑ ድንኳኑ ሲፈርስ ያበቃ ይመስለናል። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ያለው ሳምንት ነው ለብዙ ሰው የሚከብደው። ስልክ የሚደውልላት እናት የለችውም። ቁጥር ላይ አፍጥጦ ሳለ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መመዝገብ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው የሚያስደንቅ ስህተት አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ሞት የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መሄጃና መመለሻው ሲቀነስ ልጁ ለሐዘኑ የቀረውን ጊዜ አንቺው አስቢው። ይኸው አዋጅ ለከባድና ልዩ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይፈቅዳል፤ በዓመት ከሁለት ጊዜ ባይበልጥም። የዓመት ፈቃድም አለው፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል።

ይሄን የምነግርሽ አርባዋ እየደረሰ ስለሆነ ነው። ከቆጠርሽው ሦስት ሳምንት አይሞላም። አርባዋን የሚያወጡ ከሆነ መሄዱ አይቀርም። ልጁ ደግሞ ከዚያ ስድብ በኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ አፉን የሚከፍት አይመስለኝም። ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ ጠይቂው። «አርባው መቼ ነው? ስንት ቀን ያስፈልግሃል? የትኛውን ሥራ ማን ይያዝልህ?» በይው። ቅጹን አብራችሁ ሙሉና ቀኑ ሳይደርስ አስፈርሚ። በእኔ አስተያየት ደብዳቤሽ ውስጥ ካሉት ጉዳዮች ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ይሄኛው ነው።

ሥራውንም ጠይቂው። «ደህና ነህ?» ካልሽው «ደህና ነኝ» ይልሻል፣ ሌላ ምን ይላል? «ሰሞኑን የትኛው ሥራ ነው በጣም የሚከብድህ?» ካልሽው ግን የሚመልሰው ያገኛል። ምናልባት ለአንድ ወር ያህል ሪኮንሲሌሽኑን ሌላ ሰው እንዲያይለት ማድረግ ይቻላል። ሥራው አይነጠቅ፣ ሁለተኛ ዓይን ይጨመርበት። በሂደት የማይተኛ፣ የማይበላ፣ ሰው የሚሸሽ ሆኖ ከቀጠለ ሐኪም ቢያየው ጥሩ እንደሆነ በዘዴ ንገሪው። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ጤና ተቋም ይሄዳል። ሐኪም ዕረፍት ከጻፈለትም መብቱ ነው፤ የመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ ያስከፍላል። አንቺ ግን ሐኪሙ አትሁኚ። የአንቺ ድርሻ ሄዶ ለመታከም ጊዜና ሰላም መስጠት ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው። ኤሚ ኤድመንድሰን የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በሆስፒታል የነርስ ቡድኖች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። ጥሩ የሚመሩና የሚከባበሩ ቡድኖች መድኃኒት ሲሰጡ የሚሠሩት ስህተት ያንሳል ብለው ጠበቁ። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳያቸው። በደንብ በሚመሩት ዘንድ የተመዘገበው ስህተት ይበልጥ ነበር። ነገሩ ሲጣራ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን አይደብቁም። ሌሎቹ ጋ ነርሷ ስለምትፈራ አይነገርም፣ ስለማይነገርም አይመዘገብም።

ይሄን ወደ ክፍልሽ አምጪው። ያ ልጅ ከተሰደበ ወዲህ ስንት ሰው ስህተቱን አይቶ ዝም ብሎ ይሆን? ማወቅ አትችይም። ያልተመዘገበ ደረሰኝ፣ ሳይገለበጥ ያለፈ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ክፍያ ዛሬ ቢነገርሽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሰኔ 30 አልፎ ኦዲተር ሲያገኘው ግን ሁላችሁንም ያስለቅሳል። ስለዚህ ሰውን ማዳመጥ ለሒሳቡ ንጽሕናም እንደሚያስፈልግ ለአለቃሽ ስትነግሪያቸው አትሸማቀቂ።

ሆኖም «ሐሳብ ያለው?» በሚለው ጥያቄ ዝምታው የሚሰበር አይመስለኝም። በጣም ሰፊ ነው፤ ደግሞ ሁሉም ፊት ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ አነጋግሪያቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም አታድርጊው፣ ምርመራ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ስጪ፤ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ሥራህን የሚያከብድብህ፣ እኔ ልቀንሰው የምችለው ነገር ምንድን ነው? እኔ ሳደርገው የማይመችህስ ምንድን ነው? ከዚያ ዝም በይና ጠብቂ። ዝምታው ሲረዝም ለመሙላት አትቸኩዪ። ማስታወሻ ከያዝሽ የምትጽፊውን አሳዪአቸው። እኛ አገር አለቃ ደብተር ሲያወጣ ሰው ክስ የሚጻፍበት ይመስለዋል።

ጋሼ ያሉሽን ነገር እዚህ ላይ በደንብ አስቢበት። «የተናገርነው የት እንደሚደርስ አናውቅም» ብለውሻል። እሳቸው ሙሉውን መልስ ሰጥተውሻል። ስለዚህ ገና ሳይናገሩ የት እንደሚደርስ ንገሪያቸው። «ስምህን ይዤ ወደ ላይ አልሄድም። ገንዘብ የጠፋበት ወይም ሰው የተጎዳበት ነገር ከሆነ ግን መደበቅ አልችልም» በያቸው። የማትጠብቂውን ቃል አትግቢ። አንድ ወሬ ከአንቺ አፍ ወጥቶ አለቃሽ ጆሮ ከደረሰ ሁለተኛ ዕድል አታገኚም።

ሁሉንም ከሰማሽ በኋላ በቀጣዩ ሰኞ ይዘሽላቸው ቅረቢ። ማን ምን እንዳለ ሳትናገሪ «ያላችሁኝ ይሄ ነው፤ ይሄን አደርጋለሁ፣ ይሄን ከአለቃችን ጋር እነጋገርበታለሁ፣ ይሄን ግን አልችልም» በያቸው። የማትችይበትን ምክንያትም ግለጪ። ሰው የጠየቀው ሁሉ ባይሆንለት ይችላል፤ ምክንያቱን ሰምቶ ከሆነ ይቀበለዋል። የሚያስቀይመው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷን በዚያው ሳምንት ፈጽሚያት፤ ትንሽም ትሁን። የተሰበረው ወንበር ይሁን፣ ከሌላ ክፍል ሁልጊዜ እየተለመነ የሚመጣው ሰነድ ይሁን።

በዚያው ስብሰባ ላይ ስለ ስህተትም ተናገሪ። የልጁን ስም ሳታነሺ «ከዛሬ ጀምሮ ስህተት ሲገኝ ከባለቤቱ ጋር ለብቻችን ተቀምጠን እናርማለን። ስህተቱን ራሱ መጥቶ የተናገረ ሰው አይወቀስም» በያቸው። እሱ የተሰደበው ሁሉም ፊት ስለሆነ ሁሉም ፊት የሚባል ነገር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ትንሹ ተቃራኒ ሐሳብ አያነሳም። ነውር ይመስለዋል። ጋሼ ሰኞ ቀድመው የሚናገሩ ከሆነ ሌላው ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ይጨርሳል። ለብቻቸው አግኚያቸውና «ጋሼ፣ ልጆቹ እንዲናገሩ እርስዎ መጨረሻ ላይ ቢያጠቃልሉልን?» ብለሽ ለምኛቸው። ክብር ነው፤ የሚከፉ አይመስለኝም። አንቺም ሐሳብሽን ከሁሉም በኋላ አቅርቢው።

ስለ ጋሼ ካነሳን፣ ለስላሳ ነሽ ያሉሽ አለቃሽ ልጁ ላይ የሠሩት ነገር ጨርሶ ልክ አይደለም። የጋሼን ሥራ አምሽተሽ መጨረስሽን ግን እኔም አልወደድኩልሽም። ያሳፍረኛል ብለሽ የተውሽው ነገር እሳቸውንም አይጠቅምም። ሥራቸው እየተሠራላቸው መሆኑን አንድ ቀን ከሌላ ሰው ቢሰሙ የበለጠ ያፍራሉ። አንቱታውም ጋሼ ማለቱም ይቀጥል፤ ማንም አቁሚ አላለሽም። ለብቻቸው ቁጭ ብለሽ «ጋሼ፣ የፔይሮሉ ፋይል ወር በገባ በ20 ካልደረሰኝ ደመወዝ ይዘገያል። ምን አስቸገረዎት? ምን ላግዝዎ?» በያቸው። ምናልባት አዲሱ ሲስተም ከብዷቸው ይሆናል፤ እሱንም በዚህ ዕድሜ ለልጆች መናገር ከብዷቸው ይሆናል። ከወጣቶቹ አንዱ ለሁለት ሳምንት ጎናቸው ይቀመጥ። እሳቸውም ለእሱ የሚያስተምሩት ብዙ አላቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑ ካለፈ «ጋሼ፣ ተነጋግረን ነበር» ማለት ድፍረት አይሆንብሽም።

ገላን ጉራ የገባችው እህታችን ነገር ቀላል ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ ሰነፍ አልሆነችም፣ ቤቷ ነው የራቀው። አዋጁ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል እንጂ ሁሉም ሰው በአንድ ደቂቃ አሻራ ይንካ አይልም። ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ገብታ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ብትወጣ ሥራው ምን ይጎድለዋል? ከሰው ኃይል ክፍል ጋር ተነጋገሪና በጽሑፍ ይሁን። «ለእሷ ብቻ?» የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ ዕድሉን ለሁሉም ክፈቺው። ከቤቱ ርቀት የተነሳ የሚቸገር ሌላም ሰው ይኖራል። ትራንስፖርት የሚይዝበትን ሰዓት ጠይቂው፤ ብዙ ነገር ትማሪያለሽ።

ከባዱ አለቃሽ ናቸው። እሳቸውን መለወጥ በአንቺ እጅ አይደለም፤ አንቺና እሳቸው የምትሠሩበትን መንገድ ትንሽ ማስተካከል ግን ትችይ ይሆናል። ከተቆጡ ማግስት አትሂጂ። ጠዋት፣ ረጋ ባሉበት ሰዓት ግቢ። ክስ ይዘሽ ሳይሆን ጥያቄ ይዘሽ። «ክፍሌ ውስጥ ስህተት ሲያዩ ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ አርሜ በዚያው ቀን ሪፖርት አደርግልዎታለሁ። ስህተቱ የእኔም ኃላፊነት ነው» በያቸው። ይሄ ለብዙ አለቃ የማይከብድ ጥያቄ ነው፤ ሥራ ይቀንስላቸዋል። ሁለት ሰው ሥራ እያፈላለገ መሆኑን ግን አትንገሪያቸው፤ ማን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። «ሰኔ ላይ ሰው ቢለቅብን አዲስ ቀጥረን አሠልጥነን አንደርስም» ማለት ግን ትችያለሽ።

የማታውን ቴሌግራምም በዚያው አንሺው። አስቸኳይ ያልሆነውን ለአንቺ ለብቻሽ ቢልኩልሽና ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለክፍሉ ብታስተላልፊ? «ሠራተኛውን አታስቸግሩ» ከማለት ይልቅ «እኔ ልቀበልዎት» ማለት ይቀላል። ሸክሙ ወደ አንቺ እንዳይዞር ግን አንቺም ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ስልክሽን አስቀምጪ።

እንደገና መጥተው ሁሉም ፊት ሰው ላይ ቢጮሁስ? ለዚያ ቀን ከአሁኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑርሽ። እንዲህ ያለ ሰዓት ቃል አይመጣም፤ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። «ይቅርታ፣ ይሄ የእኔ ክፍል ሥራ ስለሆነ እኔ ላስረዳዎት፤ ቢሮዎ እንሂድ» ብትይ ይበቃል። ቤትሽ መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመጂው። ሊቆጡ ይችላሉ። ያ ሊያስከፍልሽ የሚችለውን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሆኜ አልወስንልሽም። ምን ያህል መሸከም እንደምትችይ ቀድመሽ አስቢበት።

ሰኔን በተመለከተ ሥራው እንደሚያስመሻችሁ ካወቅሽ ከአሁኑ ፕሮግራም አውጪ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ላለው የሰዓት ደመወዙ አንድ ተኩል ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት ጊዜ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል ጊዜ ነው። ሰኔ ሳይገባ በጀቱን አስጸድቂ። ማን የትኛውን ምሽት እንደሚቆይ ራሳቸው ይከፋፈሉት። ሕፃን ያላትና ቤቷ የራቀ ሰው ቅዳሜን ልትመርጥ ትችላለች። ሰው ድካሙ ተቆጥሮ እንደሚከፈለው ሲያውቅ ማምሸቱም ይቀለዋል።

በመጨረሻ ያነሳሁት እንጂ የረሳሁት አይደለም፤ አንቺስ? እንቅልፍ የለኝም፣ ጨጓራዬ ተነስቷል ብለሻል፤ ከዚያ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ካልተፈታ የሥራ ጫና የሚመጣን መዛል አካቶታል። እንደ በሽታ አልቆጠረውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ያለው። ሦስት ምልክት አለው። አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና መሰላቸት፣ የምሠራው ሁሉ አይረባም የሚል ስሜት። የትኛው አንቺ ጋ አለ? ጨጓራሽን ታየው፤ በሻይና በብስኩት አታባብዪው። የዓመት ፈቃድሽን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰድሽው መቼ ነው? ሒሳቡ እንደተዘጋ ሐምሌ ላይ የምትወጪበትን ቀን ዛሬውኑ አስመዝግቢ። ሌላ ክፍል ውስጥ በአንቺ ደረጃ ያለ፣ የምታምኝው ኃላፊም ፈልጊ። አንቺም ሳትፈሪ የምታወሪለት ሰው ያስፈልግሻል። ለሰባቱ የሚሆን ጆሮ የሚኖርሽ ለአንቺም የሚሰማሽ ሲኖር ነው።

ይሄን ሁሉ በአንድ ሳምንት አትጀምሪው። ልጁን በዚህ ሳምንት፣ የአርባውን ፈቃድም አያይዘሽ። አንድ በአንድ የምታነጋግሪያቸውን በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት። አለቃሽን ከዚያ በኋላ፣ ሰኔ ሳይጋመስ። በመካከሉ ሰኞ ላይ ወዲያው ወሬ ይጀመራል ብለሽ አትጠብቂ። የፈራ ሰው ለመናገር መጀመሪያ ያያል፤ ሌላው ተናግሮ ምን እንደሚደርስበት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሰው የማይመች ነገር ሲናገርሽ ፊትሽ እንዳይለወጥ ተጠንቀቂ። «አመሰግናለሁ» በይና ጉዳዩን ተከታተይው።

ሁሉንም ሞክረሽ እስከ መስከረም ምንም ካልተለወጠ፣ አለቃሽም በየጊዜው ሰው ፊት ሰው የሚሰብሩ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሥራ ብትፈልጊ ቡድንሽን ከዳሽ ማለት አይደለም። ያንን ውሳኔ ግን ዛሬ በእንቅልፍ ማጣትና በድካም ላይ ሆነሽ አትወስኚው። ከልጁ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።